በምላጭ የፋቅኩት ስም

ደሴ ውስጥ መኪና ታርጋ ቢኖራትም በታርጋዋ የሚጠራት የለም። ታርጋ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው። እኛ መኪናን የምናውቃት ከኋላዋ በተጻፈው ነው። መናኸሪያ ሄደህ «ጃንጥላዬን መኪና ውስጥ ረሳሁ» ብትል፣ ተራ አስከባሪው መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ምን የሚል ነበረባት?» ብሎ ነው። ሹፌሩም ቢሆን እናቱ ያወጣችለት ስም ይረሳና በመኪናው ስም ይጠራል። ከፒያሳ በታች የምትኖር አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «የ‹ቀስ በል› ሚስት» እየተባለች ኖራለች፤ ባሏ ግን አንድም ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።

እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህ ነው። ጽሑፍ ጻፊ ነኝ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሆቴል ሰሌዳ፣ የኳስ ማልያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመኪና ጀርባ እጽፋለሁ። የመኪና ዓይነትማ ስሟን የሚያወጣላት ሕዝቡ ነው፤ ፋብሪካው የሰጣትን ማንም አያነሳውም። ፊቷ የዓሣ አፍንጫ የመሰለችው ሚኒባስ «ዶልፊን» ናት። ባሕር በዐይኑ አይቶ የማያውቅ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ሳይቀር «በዶልፊን መጣሁ» ይላል። ቆርቆሮዋ እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተሠራችው አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ናት። የእያንዳንዷን መኪና የራሷን ስም የሚያወጣው ግን ባለቤቷ ነው፤ ያኔ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱ «‹ምቀኛ ይቃጠል› ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ፤ ጻፍኩለት። ሦስት ወር ሳይሞላ የራሱ ሞተር ተቃጠለበት። ስቄበታለሁ፤ አልዋሽም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ብሩሽ የያዘ መልአክ አላየሁም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንዲት ነጭ ዶልፊን ለመናገር ነው።

ባለቤቷ አብሮ አደጌ ነበር። የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፤ ግን በልጅነታችን አጥሩ ላይ የበሳነው ቀዳዳ እስካሁን አልተደፈነም። ዐረብ አገር ስድስት ዓመት በሹፌርነት ለፍቶ ሲመለስ መኪናዋን ገዛ። በማግስቱ ሱቄ በር ላይ አቁሟት «ጻፍ» አለኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«እናቴ የምትለውን።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። እናቱ የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ «አብሽር»። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል የማይል የለም። አይዞህ፣ ያልፋል፣ ፈጣሪ አለ ለማለት እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። የእሳቸው ግን ይለይ ነበር። ፈተና የወደቀውን ተማሪ፣ ባሏ የታመመባትን ሴት፣ ዶሮዋ የጠፋባትን ጎረቤት፣ ሁሉንም እጁን ይዘው ዐይን ዐይኑን እያዩ ነው የሚሉት። ሰውየውም ከተቀመጠበት ተነስቶ ይሄዳል። አባቴ የሞተ ቀን እኔንም እንደዚያ አድርገው ነው ከመሬት ያነሱኝ። ስለዚህ በአረንጓዴ ቀለም፣ በቢጫ ጥላ፣ የኋላ በሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር «አብሽር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የተዋጣልኝ ፊደል የለም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መኪናዋ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት እናቱ መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው ዱዓ ያደርጋሉ። ልጃቸው «አሚን» ሳይል ሞተር አያስነሳም። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እየሰማሁ ፊቴን እታጠባለሁ።

የሰፈራችን የኳስ ቡድን ያኔ ስም አልነበረውም። ትልልቆቹ ክለቦች ስማቸውን የሚያገኙት ከሚያበላቸው ነው፤ የባንኩ፣ የስኳሩ፣ የመብራቱ፣ የጨርቃ ጨርቁ ይባላሉ። እኛን የሚያበላን አልነበረም። ግማሹ ተጫዋች በእንግሊዝ ክለብ ስም እንጠራ አለ፤ ግማሹ በሰፈሩ ስም ይሁን አለ። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ደግሞ «የማን ሰፈር ስም?» ብለው ሊደባደቡ ደረሱ። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስቴም ተጣልተን ተበተንን። ማልያውን የምጽፈው እኔ ነኝና ከቁጥር በስተቀር የምጽፈው አጣሁ።

በመጨረሻ ስሙን ያወጣልን ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረድን ከፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ጋር እንጋጠም ነበር። እነሱ ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት የሚወጡ ናቸውና ቡድናቸውን «ሦስተኛ ፈረቃ» ብለውታል። እያዛጉ ሜዳ ይገባሉ፤ ሦስት ለባዶ ያሸንፉንና እያዛጉ ይወጣሉ። በረኛቸው ከገጠር መጥቶ ሽመና ክፍል የገባ ግዙፍ ሰው ነው፤ ኳሷን እንደ ዳቦ በአንድ እጁ ይይዛታል። ጓደኛዬ በዶልፊኗ በነጻ ያመላልሰን ነበር። ሜዳው ዳር ስንደርስ መኪናዋን አዙሮ ወደ ኋላ እያስጠጋ ነው የሚያቆማት። ስለዚህ ኮምቦልቻዎች ከእኛ በፊት የሚያዩት ጽሑፉን ነው። «አብሽር መጣ!» ይላል በረኛው። «አብሽሮች መጡ!» ይላል ደጋፊው። በወሩ ደሴም ይህንኑ ሲል ሰማን። ስም እንዲህ ነው፤ ተሰብስበህ ብትጣላበት አይመጣም፣ ሌላው ሲጠራህ ታገኘዋለህ። ማልያውም ላይ በዚያው ፊደል ጻፍኩት። እናቱ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «እንግዲህ በእኔ ቃል ልትሸነፉ ነው» አሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወሬው ከሰው ቀድሞ ይገባል፤ ሰዉ ደግሞ ዕቃውን ተሸክሞ በቦሩ ሜዳ በኩል ተከትሎ ይገባል። ባለመኪና ሁሉ የሚይዘውን አጣ። አንዱ ጎማ ፈታ፣ አንዱ ባትሪውን ጓሮ ቀበረ። «ጠቋሚ አለ፤ የታወቀች መኪና በስሟ ተጠርታ ነው የምትወሰደው» ተባለ። ይህን የሰማሁት ሱቄ በር ላይ ነው፤ ማን እንዳለው እንኳ አላስታውስም። ሮጬ ሄጄ ለጓደኛዬ ነገርኩት።

«ጽሑፉን እናጥፋው» አልኩት።

«አብሽርን?»

«ስም የሌላትን መኪና ማን ብለው ይጠሯታል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

መኪናዋን አየ፤ ዞሮ ቤቱን አየ። «ተወው ባክህ። እናቴ ካየች መጥፎ ገድ ነው ትላለች። ወላሂ አታነጋግረኝም» አለ።

«አትነግራቸውማ። የመኪናዋን ጀርባ ወደ ግድግዳ አድርገህ አቁማት።»

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ስንት ዓመት ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት እያስመሰልኩ ለራሴ ሳወራው ኖሬያለሁና። እሱ እንቢ አለ፤ እኔ ጎተጎትኩት፤ እሱ እሺ አለ።

የራሴን ቀለም ለማስለቀቅ ያን ያህል መከራ ያለው አልመሰለኝም ነበር። በፀሐይ ደርቆ ከቆርቆሮው ጋር ተዋህዷል። በቤንዚን ጠረግኩት፤ እንቢ አለ። ከዚያ በምላጭ ያዝኩት። መጀመሪያ «ር»ን፣ ከዚያ «ሽ»ን፣ ከኋላ ወደ ፊት እየሄድኩ ፋቅኩ። ፊደሎቹ ሲለቁ ከሥራቸው ያለው ነጭ ቀለም ፀሐይ ስላላገኘው ደምቆ ታየ፤ ከሩቅ አሁንም «አብሽር» ይነበባል። በተቃጠለ ዘይትና በጭቃ አሸሁት። ስጨርስ እኔ ራሴ የጻፍኩት ሰው እንኳ ቦታውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ሥራዬን አሳምሬ ነው የሠራሁት። ያን ዕለት በራሴ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ። ዱዓቸው ከሌላው ቀን ረዘም ያለ ነበር። ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ግድግዳው አያሳልፍም። እሱ «አሚን» አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የሰፈሩ እናቶች ከነሕፃናታቸው ተጫኑ። እናቴና እህቴም ገቡ፤ እኔም የብሩሽ ቦርሳዬን ታቅፌ ተከተልኩ። እናቱን «ነይ ግቢ» ቢላቸው እንቢ አሉ። «ልጆች ያሏቸው ይቅደሙ። እኔን ተመልሰህ ትወስደኛለህ። አብሽር፣ አልጠፋም፤ በር ላይ ነኝ» አሉትና ጓዛቸውን ሊቋጥሩ ወደ ቤት ገቡ፤ የመኪናዋን ጀርባ አላዩም። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ጤነኛ ወንድ ነኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ በእግሬ መውረድ እችል ነበር። አልተነሳሁም።

ኮምቦልቻ አራግፎን መኪናዋን አዞረ። መንገዱ በሚሸሽ ሰው ተጨናንቋል፤ ሁሉም ወደ ታች ነው፣ እሱ ብቻ ወደ ላይ ነው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እናቴን ይዤ መጣሁ» አለኝ። ከዚያ ሳቅ አለና «አሁን ከኋላ ስታየኝ ማን ልትለኝ ነው?» ብሎ ነዳ። ጀርባዋን እያየሁ ቆምኩ። ዳገቱን ስትጀምር ሌሎች ነጫጭ መኪናዎች ተቀላቀሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች ጠፋችብኝ።

አልተመለሰም። እኛ ወደ ከሚሴ የሚሄደውን ሕዝብ ተከትለን ወረድን፤ ስልክም ተቋረጠ።

ጦርነቱ አልፎ ስመለስ ሱቄ ባዶ ነው፤ ቀለሜን ሁሉ ደፍተውታል። ያንን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እናቱ በሕይወት ነበሩ። ያን ቀን ዕቃቸውን በአንድ ነጠላ ቋጥረው በር ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ጠብቀውታል። ቋጠሮውን እኔ እስክመለስ ድረስ አልፈቱትም ነበር። በየቀኑ መናኸሪያ ይወጣሉ፤ ያገኙትን ሹፌር ሁሉ ይጠይቃሉ። ታርጋውን ቢጠይቋቸው አያውቁትም፤ እኔም አላውቀውም፤ ወረቀቱ ሁሉ ያለው መኪናዋ ውስጥ ነው። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ነጭ ዶልፊን ናት። ከኋላዋ ‹አብሽር› የሚል አለባት።»

አንድ ቀን ከሐረጎ ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው በርቷል። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ገደል ውስጥ የወደቀች ነጭ መኪና አግኝተው ሹፌሩን ቀብረውታል። ያገኙትንም ልብስ «ወገን ከመጣ» ብለው በከረጢት አስቀምጠዋል። «ምን የሚል ነበረባት? ብዬ ጠየቅኋቸው» አሉኝ። «‹ምንም አልተጻፈባትም፣ ዙሪያዋን አይተናል› አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! ከረጢቱን ፍቺ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። የሌላ እናት ነው፣ እሷ ትምጣና ትየው እንጂ እኔ ምን አግብቶኝ።» ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው «አብሽር፣ እሱ አይደለም» አሉኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ተስፋቸውን ልነጥቃቸው አይገባም፣ ቢያንስ በተስፋ ይኑሩ እያልኩ ራሴን ደለልኩት። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው።

ቡድኑ እንደገና መጫወት ሲጀምር በኪራይ ቅጥቅጥ ኮምቦልቻ ወረድን። ሦስተኛ ፈረቃዎች የሞተባቸውም የተሰደደባቸውም ብዙ ነው፤ በረኛው ግን አለ። ከጨዋታው በኋላ ለብቻዬ ሳብ አደረገኝና «ባለመኪናው የት ሄደ?» አለኝ። ጠፋ አልኩት። ለረጅም ጊዜ ጓንቱን ሲያጥፍ ቆየ።

«በእነዚያ ቀኖች ልጆቼን ይዤ በሐረጎ ሳልፍ አንዲት ነጭ ዶልፊን ከመንገድ በታች ተጋድማ አይቻለሁ» አለ። «ሰው ነበረባት። እናንተ ትሆናላችሁ ብዬ ደንግጬ ከኋላዋ ለማየት ትንሽ ወረድኩ። ምንም የለባትም። እንግዳ ሰው ነው፣ ነፍስ ይማር ብዬ ተመልሼ ወጣሁ፤ ተኩስም ነበር። ‹አብሽር› የሚል ቢኖርባት እኮ በጀርባዬ ተሸክሜው ነበር የምወጣው።»

በሕይወት ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ሳምንት ያህል እህል በአፌ አልዞረም። በሳምንቱ እናቱ ራሳቸው ሱቄ መጡ። አንድ ልጅ እግር ያሸከሙትን ጣውላ ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ወረቀት ዝናብ ያበላሸዋል፤ በጣውላ ጻፍልኝና መናኸሪያ በር ላይ ላሰቅለው» አሉ። «‹አብሽር የሚል ያለባት ነጭ ዶልፊን ያያችሁ› ብለህ። ቃሏን ግን፣ አፈር ስሆንልህ፣ ልክ መኪናዋ ላይ እንደነበረችው አድርገህ። አረንጓዴውን፣ ቢጫውንም። ያያት ሰው ቶሎ እንዲያውቃት።»

ቃሏን ጀመርኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው እጄን ያያሉ። «አ»ን ጻፍኩ፤ «ብ»ን ጻፍኩ፤ «ሽ»ን ጻፍኩ። «ር» ላይ ስደርስ ብሩሹ ቀለሙን እንደያዘ ቆመ።

«ምነው?»

«እማማ፣ ይህ ጽሑፍ መኪናዋ ላይ የለም።»

«እንዴት የለም? አንተ አይደለህም የጻፍከው?»

«ፍቄዋለሁ። በወጣን ዋዜማ በምላጭ ፋቅኩት። ግድግዳው ነው ከእርስዎ የደበቀው።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። 

«እሱ ነው ፋቅልኝ ያለህ?»

ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ። የሞተ ሰው አይመሰክርብኝም። «እሱ እንቢ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የጎተጎትኩት» አልኩ።

«እንግዲያ የሐረጎዋ…»

«አዎ፣ እማማ።»

አላለቀሱም። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። ከዚያ ተነሱና «ሐረጎ የሚወስደኝ ሰው ጥራልኝ» አሉ። እኔ አብሬያቸው ልሄድ የሱቄን ቁልፍ ሳነሳ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። «አንተ አይደለህም። ሌላ ሰው።»

አብረዋቸው የሄዱት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ገበሬው ከረጢቱን ሲፈታ ገና እጅጌው ብቅ ሲል አወቁት። እሳቸው በእጃቸው የሠሩለት ቡናማ ሹራብ ነው። ታቅፈውት መቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰዎቹ ሰግደው እስኪጨርሱ ከዚያ አልተነሱም።

ለቅሶው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የላይኛውም የታችኛውም። ሦስተኛ ፈረቃዎች ከሥራ እንደወጡ በቅጥቅጥ ተጭነው መጡ። በረኛው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያየውን ሳይደብቅ ነገራቸው። ያን ግዙፍ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ዐይን ዐይኑን እያዩ «አንተ ምን አጠፋህ፤ ልጆችህን ይዘህ ነበር። አብሽር» አሉት። ተነሳ። ከእሱ ቀጥሎ የነበረችውን ሴት «አብሽሪ» አሏት። ተጫዋቾቹን «አብሽሩ» አሏቸው። ተራዬ ደረሰና ተንበረከኩ።

«እግዜር ያጥናዎት» አልኩ።

እጄን ያዙኝ። «አሚን» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ቦታ አለ፣ ተቀመጥ፤ እህል ቅመስ።»

ቡድኑ ዛሬም «አብሽር» ነው። ማልያውን የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ሌላ ጻፊ ፈልጉ ብላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ያ ጣውላ ሦስት ፊደል እንደተጻፈበት ሱቄ ውስጥ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ሌላ ሥራ ላይ ላውለው ሁለት ሦስት ጊዜ አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

እናቱ አልተቀየሙኝም፤ ቢቀየሙኝማ በተሻለኝ። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርክ? ሥራስ?» ይሉኛል። በዒድ ድርሻዬን ይልኩልኛል። ባለፈው ክረምት እናቴ ስታርፍ ከሁሉም ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ንፍሮ ቀቅለው አመጡ፣ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ለቀስተኛውን አስተናገዱ፣ እህቴን እጇን ይዘው «አብሽሪ» ብለው ከመሬት አነሷት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ወደ እኔ ሲመጡ አየሁና ቀና አልኩ። ጎንበስ ብለው ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ፤ «እግዜር ነፍሷን ይማር» አሉኝና አልፈው ሄዱ።